«አውሮፓ የሠራችውን አውሮፓ ትሸጣለች» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

አውሮፓ በጦር መሣሪያ ራሷን ትቻል ሲባል ደጋግመው የሚነሱ ስህተቶች አሉ። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

«አውሮፓ የሠራችውን ለፈለገችው መሸጥ ትችላለች»

አትችልም። ግብፅ በ2015 ከፈረንሳይ 24 ራፋል ተዋጊ ጄቶች ገዛች። ስካልፕ የተባለውን ክሩዝ ሚሳኤልም ፈለገች። ሚሳኤሉ አውሮፓ የተሠራ ነው፤ ውስጡ ግን የአሜሪካ ዕቃ ስላለ በ2018 ዋሽንግተን አልፈቅድም አለችና ሽያጩ ተያዘ። አይታር የሚባለው የአሜሪካ ደንብ እንዲህ ነው የሚሠራው፦ ደንቡ የሚመለከተው ዕቃ የትም አገር ቢገጠም፣ የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ መሣሪያው ለሌላ አገር ሲተላለፍ የአሜሪካ ፈቃድ ይጠየቃል። ስፔንም በ2006 ለቬንዙዌላ ልትሸጥ የነበረው 12 አውሮፕላን በዚሁ ምክንያት ቀርቷል።

«ከልካይዋ አሜሪካ ብቻ ናት»

ይሄኛው ያናድደኛል፤ አውሮፓውያን እርስ በርስ የሚያደርጉትን ይሸፍናል። ጀርመን ጌፓርድ የተባለውን የአየር መከላከያ ታንክ ለዩክሬን ስትሰጥ ስዊዘርላንድ ገለልተኛ ነኝ ብላ የሸጠችላት ጥይት እንዳይተላለፍ ከለከለች። ጀርመን ራሷም ከሌሎች የአውሮፓ አገሮች ጋር የምትሠራው ዩሮፋይተር ተዋጊ ጄት ለሳዑዲ እንዳይሸጥ ለዓመታት ይዛ ቆይታ እሺ ያለችው በ2024 መጀመሪያ ነው። ቻይና ደግሞ በ2025 ለጄትና ለሚሳኤል ማግኔት የሚያስፈልጉ ብርቅዬ ማዕድናት ያለ ፈቃድ እንዳይወጡ አደረገች።

«የውጭውን ዕቃ አውጥቶ መተካት ነው፣ አለቀ»

ለጥይት ያስኬዳል። የጀርመኑ መሣሪያ አምራች ራይንሜታል እዚያው ጀርመን ውስጥ ማምረቻ አቋቁሞ የጌፓርድ ጥይት በ2023 ማስረከብ ጀመረ። ሞተር ግን ሌላ ታሪክ ነው። ስዊድን በ1970ዎቹ ቪገን ጄቷን ለህንድ ልትሸጥ ስትል አሜሪካ አገደቻት፣ ምክንያቱም ሞተሩ ከአሜሪካ ንድፍ የመጣ ነበር። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ነው። ዛሬም አዲሱ የስዊድን ጄት ግሪፐን የሚበረው በአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ሞተር ነው! ስዊድን ሰነፍ ስለሆነች አይደለም። የተዋጊ ጄት ሞተር ከባዶ መሥራት አሥርተ ዓመታትና ብዙ ቢሊዮን ይበላል፤ ሞተሩ ሲቀየር ደግሞ አውሮፕላኑ ራሱ እንደገና መስተካከልና መፈተሽ አለበት።

«የአሜሪካው ተዋጊ ጄት ኤፍ-35 ከርቀት የሚጠፋበት ቁልፍ አለው»

ማስረጃ የለም። ግን መለዋወጫው፣ የሶፍትዌር ማሻሻያውና የተልዕኮ መረጃው በዋናነት ከአሜሪካ ነው የሚመጣው። እሱ ከቆመ ጄቱ ቀስ በቀስ ይዳከማል፤ ቁልፍም አያስፈልግም።

«65 በመቶው አውሮፓዊ ከሆነ በቂ ነው»

ሴፍ የተባለው የአውሮፓ ኅብረት የ150 ቢሊዮን ዩሮ ብድር ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ከ35 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠይቃል። ጥሩ ጅምር ነው። ነገር ግን መቶኛው የሚለካው በዋጋ ነው፤ አይታር ዋጋ አይቆጥርም። 99 በመቶው አውሮፓዊ የሆነ ሚሳኤልም በቀረችው 1 በመቶ ሊታገድ ይችላል። ስለዚህ ከመቶኛው ይልቅ እኔ የማየው ሌላውን የሴፍ መስፈርት ነው፦ ለተወሳሰቡ መሣሪያዎች አምራቹ የሌላ አገር ፈቃድ ሳይጠይቅ ንድፉን መቀየር መቻል አለበት።