ካለፉት ልጆች አፍ፦ የእንግሊዝ የወንዶች ግራመር ስኩልና የቀድሞ ተማሪዎቹ ትዝታ

ሊቨርፑል ውስጥ ማውንት ስትሪት የሚባል አጭር መንገድ አለ። እዚያ መንገድ ላይ ትልልቅ የድንጋይ ዓምዶች ያሉት ያረጀ ሕንፃ ቆሟል። ሰዉ ባጭሩ «ኢኒ» ይለው ነበር። ሙሉ ስሙ የሊቨርፑል ኢንስቲትዩት የወንዶች ከፍተኛ ትምህርት ቤት ነው። በኋላ የዝነኛው የሙዚቃ ቡድን የቢትልስ አባላት የሆኑት ፖል ማካርትኒና ጆርጅ ሃሪሰን የተማሩት እዚህ ነው። ፖል በ1953 ገባ፤ ጆርጅ በዓመቱ ተከተለው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የተዋወቁትም ከትምህርት ቤት በሚመልሳቸው አውቶቡስ ላይ ነው። ሁለቱም የአንድ ሠፈር ልጆች፣ ሁለቱም ጊታር ወዳዶች ነበሩ።

ስለ ትምህርት ቤቱ ሲጠየቁ ግን መልሳቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ፖል በፍቅር ያነሳዋል። ጆርጅ እንደሚጠላው ሳይደብቅ ተናግሯል። የግራመር ስኩል ትዝታ ባነበብኩ ቁጥር እነዚህ ሁለት ልጆች ይመጡብኛል። በአንድ በር ገብተው ሁለት ትምህርት ቤት ተምረው ወጥተዋል።

ግራመር ስኩል ምንድን ነው? ቃሉ «የሰዋስው ትምህርት ቤት» ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን የላቲን ሰዋስው ለማስተማር ነው የተቋቋሙት፤ የኛ ቅኔ ቤት የግዕዝን ሰዋስው እንደሚያስተምረው ማለት ነው። ላቲን የቤተ ክርስቲያን፣ የሕግና የሕክምና ቋንቋ ስለነበር እሱን ያወቀ ልጅ በር ይከፈትለታል። ዘመን ሲቀየር ሒሳቡም ሳይንሱም ተጨመረ። ስሙ ግን እንዳለ ቀረ።

ዛሬ ሽማግሌ የሆኑት የቀድሞ ተማሪዎች የሚያስታውሱት ግራመር ስኩል ከ1944ቱ የትምህርት ሕግ በኋላ ያለውን ነው። ሕጉ በወቅቱ የትምህርት ጉዳይ ኃላፊ በነበሩት ራብ በትለር ስም ይጠራል። ከዚያ በፊት ሁለተኛ ደረጃ መማር በአብዛኛው ገንዘብ ይጠይቅ ነበር። ሕጉ ለሁሉም ነጻ አደረገው። የወደብ ሠራተኛው ልጅም የሐኪሙም ልጅ ያለ ክፍያ መማር ቻሉ። ግን ሁሉም አንድ ትምህርት ቤት አይገቡም። 11 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ይፈተናሉ። ያለፉት ግራመር ስኩል ይገባሉ፤ የቀሩት አብዛኞቹ ሰከንደሪ ሞደርን ወደሚባለው ይላካሉ። የቴክኒክ ትምህርት ቤትም ታስቦ ነበር፤ በብዛት አልተሠራም እንጂ።

ፈተናው «ኢሌቨን ፕላስ» ይባላል። ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና የማመዛዘን ጥያቄዎች አሉት። የኛን የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ያስታወሰ አንባቢ ስሜቱን ይረዳዋል። ልዩነቱ ዕድሜው ነው። 11 ዓመት ገና ጥርስ የሚቀየርበት ዕድሜ ነው። እንደየአካባቢው ቢለያይም፣ ያልፉ የነበሩት ከአራት ወይም ከአምስት ልጆች አንዱ ያህል ናቸው። ለሴቶች ደግሞ የባሰ ነበር። በብዙ አካባቢ የሴቶች ቦታ ስለሚያንስ፣ ሴት ልጅ ለማለፍ ከወንዱ የበለጠ ነጥብ ይጠበቅባት ነበር።

ውጤቱ የሚመጣው በፖስታ ቤት ነው። የቀድሞ ተማሪዎች ትዝታ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረውም ከዚህ ነው። ጠዋት ደብዳቤው በበሩ ቀዳዳ ሲወድቅ፣ እናት በእጇ ይዛው ለመክፈት ስትፈራ፣ አባት ከሥራ እስኪመለስ ሲጠበቅ። ካለፍክ ብስክሌት ይገዛልሃል መባል የተለመደ ነበር። ብስክሌቱን ያገኘ ዛሬም ቀለሙን ሳይሳሳት ይነግርሃል።

ቀጥሎ የሚመጣው ዩኒፎርም ነው። ኮት በደረት ኪስ ላይ ከተሰፋ ዓርማ ጋር፣ ባለ ሰንበር ከረባት፣ ትንሽ ኮፊያ፣ አዲስ የቆዳ ቦርሳ። ደሞዝተኛ ለሆነ ቤተሰብ ይሄ ቀላል ወጪ አይደለም። ስለዚህ ኮቱ «ያድግበታል» ተብሎ ይገዛል። እጅጌው ጣቱን ይሸፍናል፤ ትከሻው ይንጠለጠላል። ሦስተኛ ዓመት ላይ ሲደርስ ልክ ይሆንና አራተኛው ላይ ያጥራል። ሠፈር ውስጥ ደግሞ ኮፊያው ጣጣ አለው። ትናንት አብረውት ኳስ ሲጫወቱ የነበሩ ልጆች ዛሬ በሌላ ዓይን ያዩታል። ኮፊያውን ነጥቀው አጥር ላይ ይወረውሩታል። ብዙዎች መንደራቸው ሊደርሱ ሲሉ አውልቀው ኪሳቸው ይከቱት እንደነበር ይናገራሉ። ከሠፈር ጓደኞቹ የተለያየበትን ቀን ቆጥሮ የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው።

የትምህርት ቤቱ ሥርዓት የተቀዳው ከሀብታሞቹ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነው። አስተማሪዎቹ ጥቁር ካባ ይለብሳሉ፤ ካባው በጠመኔ አቧራ ነጭ ይሆናል። ተማሪ የሚጠራው በአባቱ ስም ብቻ ነው፤ «ማካርትኒ!» «ሃሪሰን!»። ተማሪዎቹ በ«ሃውስ» ይከፋፈሉና በስፖርት ይፎካከራሉ። ከትልልቆቹ ተማሪዎች የተመረጡት «ፕሪፌክት» ይባላሉ። የኛ ሞኒተር ሥልጣኑ በእጥፍ ቢጨመርለት ማለት ነው። ከትምህርት በፊት ሁሉም አዳራሽ ይሰበሰባሉ። መዝሙር ይዘመራል፤ ጸሎት ይደረጋል፤ ዳይሬክተሩ ማስታወቂያ ይናገራል። የጠዋቱ ጸሎት በ1944ቱ ሕግ የታዘዘ ነበር። በብዙዎቹ አዳራሾች ግድግዳ ላይ የእንጨት ሰሌዳዎች ተሰቅለዋል። በላያቸው ኦክስፎርድና ካምብሪጅ የገቡ ተማሪዎች ስም በወርቅ ቀለም ተጽፏል። በጦርነት የሞቱት ደግሞ ሌላ ሰሌዳ አላቸው። ለሰባት ዓመት በየጠዋቱ ፊቱ ቆሞ ስላነበበው ስሞቹን ዛሬም በቃሉ የሚወጣ አለ።

ትምህርት ቤቱ ውስጥም ሌላ ማበጠሪያ አለ። ልጆቹ እንደ ውጤታቸው ኤ፣ ቢ፣ ሲ ተብለው ይመደባሉ። ቀለሜዎቹ ላይኛው ክፍል፣ የቀሩት ታች። መላውን አካባቢ በልጦ የመጣ ልጅ በአንድ ወር ውስጥ «ደካማ» የሚባል ክፍል ውስጥ ራሱን ያገኘዋል። ይሄ የሚያሳዝን ነገር ነው፤ ትዝታው ውስጥም ደጋግሞ ይመጣል። 16 ዓመት ሲሞላቸው ኦ ሌቭል፣ 18 ሲሞላቸው ኤ ሌቭል ይፈተናሉ። እነዚህ ፈተናዎች የተጀመሩት በ1951 ነው።

የቀድሞ ተማሪዎች ሲገናኙ ወሬያቸው የሚሞቀው በአስተማሪዎች የዳቦ ስም ነው። እያንዳንዱ አስተማሪ የዳቦ ስም አለው። ስሙም ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው ይወርዳል። ለምን እንደወጣለት የማያውቁት ልጆችም ይጠሩበታል። ከዚያ ወሬው ወደ ዱላ ይሄዳል። አርጩሜው ቀጭን ሸንበቆ ነበር። መዳፍ ላይ ወይም መቀመጫ ላይ ያርፋል። ስለ ጆርጅ ሃሪሰን የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። አስተማሪው መዳፉን ሊመታ ሰንዝሮ ሳተና የእጁን አንጓ አገኘው። እጁ አበጠ። ማታ ገበታ ላይ አባቱ አየና ጠየቀው። በነጋታው አባትየው ትምህርት ቤት ሄዶ አስተማሪውን አስጠራውና በቡጢ መታው ይባላል። በእንግሊዝ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ውስጥ ድብደባ በሕግ የተከለከለው ገና በ1986 ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው ደግሞ በዓመቱ። ድብደባውን እየሳቁ የሚያወሩ አሉ። ስቀው ሲጨርሱ ዝም የሚሉም አሉ። እኔ ዝም የሚሉትን አምናለሁ።

በዚያው ሕንፃ ውስጥ አለን ደርባንድ የሚባል የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር። የዳቦ ስሙ «ደስቲ» ነው። ካምብሪጅ የተማረ፣ በኋላም የሊቨርፑሉን ኤቭሪማን ቲያትር ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ነው። ደርባንድ የ14ኛው ክፍለ ዘመኑን ባለቅኔ ቾሰርን ለጎረምሶች ማስተማር ነበረበት። ቋንቋው ለእንግሊዛዊም ቢሆን ባዕድ ነው። እሱ ታዲያ በዘመኑ እንግሊዝኛ የተተረጎመውን አመጣላቸው፤ ባለጌ ባለጌውን ቦታም አሳያቸው። ልጆቹ ወዲያው ነቁ። ፖል ሥነ ጽሑፍ የወደደው በዚህ ሰው ምክንያት እንደሆነ ብዙ ጊዜ ተናግሯል። በኤ ሌቭልም ያለፈው እንግሊዝኛን ነው። ጆርጅ እንዲህ ዓይነት ሰው አልገጠመውም። በ1959 አንድም ኦ ሌቭል ሳይዝ ወጣ። ብላክለርስ በሚባል ትልቅ መደብር የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተለማማጅ ሆኖ ተቀጠረ። በመቶ ከሚቆጠሩ ትዝታዎች የተረዳሁት አንድ ነገር ቢኖር ይሄው ነው። ሰው «ትምህርት ቤቴን እወደዋለሁ» ሲል ብዙውን ጊዜ የሚያስበው አንድ አስተማሪ ነው። «እጠላዋለሁ» ሲልም እንደዚሁ።

ኢንስቲትዩቱ የግራመር ስኩል ታሪክ በትንሹ የሚታይበት ቦታ ነው። የተመሠረተው በ1825 የእጅ ባለሙያዎችን ማታ ማታ ለማስተማር ነው። የማውንት ስትሪቱ ሕንፃ በ1837 ተከፈተ። ደራሲው ቻርልስ ዲከንስ በ1844 እዚያ ተገኝቶ ንግግር አድርጓል። በዚያው ዓመት ከመንገዱ ማዶ ብላክበርን ሃውስ ላይ የሴቶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1917 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ቻርልስ ባርክላ የዚህ ትምህርት ቤት ልጅ ነው። ጥግ ለጥግ ደግሞ የከተማው የሥነ ጥበብ ኮሌጅ አለ። በ1957 ሌላው የቢትልስ አባል ጆን ሌነን እዚያ ገባ። ፖልና ጆርጅ የምሳ ሰዓት ሲደርስ ጊታራቸውን ይዘው ወደሱ ሹልክ ይላሉ። ፖልንና ጆንን ያስተዋወቃቸውም የኢንስቲትዩቱ ተማሪ የነበረው አይቫን ቮን ነው። በኋላ የቢትልስን ኩባንያ የመራው ኒል አስፒናል የፖል የክፍል ጓደኛ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የሚያመኝ ነገር አለ። ይህን ሁሉ የሚተርኩት ያለፉት ልጆች ናቸው። ሰከንደሪ ሞደርን የተላኩት ግን ብዙኃኑ ነበሩ። የእነሱ ትዝታ ግን በመጽሔት አይወጣም፤ የእራት ግብዣም አይዘጋጅለትም። አንዱ ወንድም አልፎ አንዱ የወደቀበት ቤት ጥቂት አልነበረም። 70 ዓመት አልፎት፣ በሥራው ተሳክቶለት፣ ልጆቹን ዩኒቨርሲቲ አስተምሮና ድሮ፣ ዛሬም «እኔ እኮ ኢሌቨን ፕላስ የወደቅኩ ነኝ» የሚል ሰው አለ። የግራመር ስኩልን ውበት የሚያወራ ሁሉ ይሄንን ሰው አብሮ ቢያስታውሰው ደስ ይለኛል።

ሥርዓቱ የተናጋውም በዚህ ቁጭት ነው። በ1965 የሌበር መንግሥት የትምህርት ሚኒስትር አንቶኒ ክሮስላንድ «10/65» የተባለውን ሰርኩላር አወጣ። የየአካባቢው አስተዳደር ልጆችን ሳይለይ አንድ ላይ ወደሚያስተምር ትምህርት ቤት እንዲዞር ጠየቀ። በ1970 የትምህርት ሚኒስትር የሆኑት ማርጋሬት ታቸር ራሳቸው የግራንተም ከተማ ግራመር ስኩል ተማሪ ነበሩ። ያም ሆኖ ለውጡ በእሳቸውም ጊዜ ቀጠለ። ዛሬ እንግሊዝ ውስጥ የቀሩት 163 ናቸው፤ ኬንትና በኪንግሃምሸር በርከት ያሉት ይገኙባቸዋል። ሰሜን አየርላንድም እስካሁን አላት። ክርክሩ ደግሞ አልበረደም። ምርጫ በመጣ ቁጥር ይነሳል።

ይሄ ሥርዓት እኛም ጋ ደርሷል። የጄኔራል ዊንጌት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ በ1946 ሲከፈት የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። ስሙ የተወሰደው በ1941 ከአርበኞች ጋር ሆኖ ጣሊያንን ከወጋው እንግሊዛዊ መኮንን ከኦርድ ዊንጌት ነው። እንግሊዛውያን አስተማሪዎች ነበሩት፤ ተማሪዎቹም የለንደኑን ጂሲኢ (የኦ ሌቭልና የኤ ሌቭል ፈተና) ይፈተኑ ነበር። ከየክፍለ ሀገሩ የተመረጡ ሰቃዮች ይሰበሰቡበት ነበር። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር አቶ መለስ ዜናዊም የዊንጌት ልጅ ናቸው። «የዊንጌት ልጅ ነኝ» የሚለውን አነጋገር ልብ ብላችሁ ስሙት። ሊቨርፑል ላይ «የኢኒ ልጅ ነኝ» ከሚለው ጋር ድምፁ አንድ ነው። ግቢው አሁን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኗል፤ ስሙ ግን አልተነሳም።

ኢንስቲትዩቱ በ1985 ተዘጋ። የተማሪው ቁጥር ቀንሶ ነበር፤ ከተማዋም ክፉኛ ደህይታ ነበር። በወቅቱ የከተማው ምክር ቤት ምክትል መሪ የነበረው ዴሪክ ሃተን ራሱ የዚያ ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪ ነው። ይሄን እስከ ዛሬ ያልረሱለት አሉ። ሕንፃው ባዶውን ቀረ፤ ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ። ፖል በ1979 ለትምህርት ቤቱ ልጆችና አስተማሪዎች ከተማው ውስጥ በነጻ ዘፍኖላቸው ነበር። ከተዘጋ በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ፍርስራሽ አገኘ። ከዚያ በኋላ ከትምህርት ባለሙያው ከማርክ ፌዘርስቶን-ዊት ጋር ሆኖ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመረ። በ1996 ሕንፃው የትወናና የሙዚቃ ኢንስቲትዩት ሆኖ ተከፈተ። መርቀው የከፈቱት ንግሥት ኤልሳቤጥ ናቸው።

የቀድሞ ተማሪዎቹ ማኅበር ላዮቢያንስ ይባላል። አባላቱ እያረጁ፣ ቁጥራቸውም እየቀነሰ ነው፤ አዲስ የሚገባ የለምና። የትምህርት ቤቱን የላቲን መፈክር ግን ሁሉም በቃላቸው ያውቁታል። «ለራሳችን ብቻ ሳይሆን ለመላው ዓለም ተወልደናል» ይላል። ፖልም በ1991 ለሊቨርፑል ካቴድራል ባዘጋጀው ትልቅ የመዘምራን ሥራ ውስጥ አስገብቶታል።

በየጠዋቱ መዝሙር ይዘመርበት የነበረው ያ አዳራሽ ዛሬ የፖል ማካርትኒ አዳራሽ ይባላል። ፖል በብዙ የምረቃ ቀናት እዚያው ኢንስቲትዩት እየተገኘ ተመራቂዎቹን አንድ በአንድ ይጨብጣል። ከተለያየ አገር የመጡ ዘፋኞች፣ ተዋንያንና ዳንሰኞች ናቸው። ወንዶችም ሴቶችም አሉበት። የሚጠሩትም በአባታቸው ስም ብቻ ሳይሆን በሙሉ ስማቸው ነው።