ውሻን ለእጅና ለመርፌ ማላመድ በወሎ

በወሎ ገጠር ውሻ የግቢ ዘበኛ ነው። ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ተፈቶ ጅብና ሌባ ይጠብቃል። ከእረኛ ጋር በግ ሲጠብቅ የሚውልም አለ። የሰው እጅ ግን ብዙም አያርፍበትም። ብዙውን ውሻ ሰው አጥብቆ የሚይዘው ለክትባት ነው፤ ያውም በገመድ ጠፍንጎ። በሚቀጥለው ጊዜ ገመዱን ገና ሲያይ ያጉረመርማል። ምን ይደረግ፣ የተማረው እሱን ነው።

ማላመድ ማለት መነካቱን ከመርፌው በፊት ማስቀደም ነው። ቡችላ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት አካባቢ አዲስ ነገር ቶሎ ይለምዳል። ትልቅ ውሻም ይማራል፣ ጊዜ ይፈልጋል እንጂ።

ለምሳሌ ጆሮውን ለማየት ከትከሻው ይጀምሩ። ለአፍታ ነካ ያድርጉና ወዲያው ቁራሽ ዳቦ ይስጡት። ዳቦው ቀድሞ ከታየው ግን ሐሳቡ ሁሉ እሱ ላይ ይሆናል፤ እጅዎን ልብ አይለውም። ትከሻውን ሲለምድ ወደ አንገቱ፣ ከዚያ ወደ ጆሮው። በመጨረሻ ጆሮውን ገለጥ አድርገው መዥገር ይፈልጋሉ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ወጥ የነካው እንጀራ ግን አይስጡት፤ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል።

ከንፈሩን ከላሰ፣ እንቅልፍ ሳይኖረው ካዛጋ፣ ፊቱን ካዞረ ጨንቆታል፤ እጅዎን ይሰብስቡ። ስላጉረመረመ አይምቱት። ማጉረምረም የተከለከለ ውሻ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል።

የውሻ ምራቅ ነጃሳ በሆነባቸው ሙስሊም ቤተሰቦች ጓንት ማድረግ፣ ዳቦውንም መሬት ላይ ጣል ማድረግ ይቻላል። ውሻው እንደሆነ ግድ የለውም።

ጥፍር ብዙም አያስቸግርም። ድንጋያማው መሬት ይሞርድለታል፤ መሬት የማይነካው የጎን ጥፍር ብቻ ይታይ።

የወረዳ የእንስሳት ክሊኒክ ውሎው ከከብትና ከበግ ጋር ነው። ባለሙያው ውሻ የሚያባብልበት ጊዜ የለውም፤ ስለዚህ ልምምዱ ቤት ማለቅ አለበት። መርፌው ብዙ ጊዜ የሚወጋው ከቆዳ ስር ነው። የማጅራቱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጎ ማንሳት፣ በእስክሪብቶ ጫፍ ጫን ማድረግ፣ ከዚያ ዳቦ። አፉ በጨርቅ የሚታሰር ከሆነም አስቀድሞ ይለማመደው። በእለቱ ግን ለአጭር ጊዜ ብቻ ይታሰር፤ ውሻ ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ ነው። ከነከሰ ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ መሄድ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ነገሩ ደጋ ላይ ከግቢም ያልፋል። በአቡነ ዮሴፍና በቦረና ሳይንት ቀይ ቀበሮ አለ። በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሶች ከ500 አይበልጡም ይባላል። የእብድ ውሻ በሽታም ሆነ ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላው ተላላፊ የውሻ በሽታ የሚደርስባቸው በአብዛኛው ከቤት ውሻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታን ስርጭት ለመግታት ከውሾቹ 70 በመቶው መከተብ አለባቸው። ለመያዝ የሚያስቸግረው ደግሞ እረኛ ተከትሎ ጋራ ላይ የሚውለው ውሻ ነው። እሱን ማላመድ የሚችለው እረኛው ልጅ ነው፤ ከምሳው ዳቦ ቆረስ እያደረገ።