“ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል”፦ ትርጉሙና የመጣበት መንገድ

ይህን አባባል አብዛኞቻችን የምናውቀው ከምክር ጋር ነው። ልጅ ቱግ ሲል “ቀስ ብለህ ተናገር እንጂ፣ ከአነጋገር ይፈረዳል” ይባላል። ትክክል ነው፣ ግን ግማሹ ቀርቷል። በለዘበ አንደበት የተሳሳተ ነገር የተናገረ ሰውም ይፈረድበታል። አባባሉ አጥብቆ የያዘው ሌላ ጥያቄ አለ፦ የተናገርከው ነገር በትክክል ምን ይላል? የሎጂክ፣ ማለትም የትክክለኛ አስተሳሰብ፣ ትምህርትም የሚጀምረው ከዚሁ ጥያቄ ነው።

ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ነው። ልብስ ሁልጊዜ ስላረጀ አይቀደድም። አያያዝ የማያውቅ ሰው አዲሱንም ይቀደዋል። ሙግትም እንደዚያው ነው። እውነት ይዞ የመጣ ሰው በተዛባ ቃል ካቀረበው ይረታል። “ይፈረዳል” ሲል ደግሞ ስለ ችሎት እያወራ ነው።

በድሮው ሥርዓት ባለጉዳዮች ፊት ለፊት ቆመው ነበር የሚሟገቱት። መንገደኛ ሳይቀር ለዳኝነት ይለመንና ዛፍ ሥር ይቀመጥ ነበር። “በላ ልበልሃ” እና “ተጠየቅ” የሚባሉት የሙግት ስልቶች የዚያ ዘመን ናቸው። ተሟጋቹ ኩታውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን ይዞ፣ ቃል እየደረደረ ባላጋራውን ያፋጥጠዋል። በማርም በበቅሎም ውርርድ ይገባል። ብዙ ሰው ስለዚህ ሙግት ሲያወራ የሚያደንቀው ግጥሙን ነው። እኔ የምደነቀው በጥያቄው ነው። “ተጠየቅ” የተባለ ሰው ዙሪያውን መዞር አይችልም። አዎ ወይም አይደለም የሚባልበት ነገር መናገር አለበት። አንዴ ከተናገረ በዚያው ይያዛል።

ሎጂክ ያጠኑ ሰዎች ፕሮፖዚሽን የሚሉት ይሄንኑ ነው፤ እውነት ወይም ሐሰት ሊባል የሚችል ዓረፍተ ነገር። ዓረፍተ ነገር ሁሉ ፕሮፖዚሽን አይሆንም። የግሪኩ ፈላስፋ አሪስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ይህን ሲያብራራ የሰጠው ምሳሌ ጸሎት ነው። ጸሎት ዓረፍተ ነገር ነው፣ እውነት ወይም ሐሰት ግን አይባልም። “እግዜር ይስጥልኝ” ያለን ሰው “ዋሽተሃል” አንለውም። “በሩን ዝጋ” ላይም አይፈረድም። “ብሩን ሰኔ ላይ መልሼለታለሁ” ላይ ግን ይፈረዳል።

በቅሎን “አባትህ ማነው?” ቢሉት “እናቴ ፈረስ ናት” አለ ይባላል። በቅሎው አልዋሸም። እናቱ እውነትም ፈረስ ናት። ጥፋቱ ያልተጠየቀውን መመለሱ ነው። እውነት የሆነ ፕሮፖዚሽን ሁሉ ለቀረበው ጥያቄ መልስ አይሆንም፣ ዳኛም ይህን ለይቶ ማየት አለበት።

እኔ የምኖረው ከአዲስ አበባ ጫፍ፣ ቱሉ ዲምቱ ነው። እዚህ የኪራይና የደላላ ጉዳይ የዕለት እንጀራችን ነው። ሰሞኑን አንዲት ተከራይና አንድ ደላላ ከብሎካችን ሥር፣ ጀበና ቡና የሚሸጥበት ጋ ተያያዙ።

“ወንድሜ፣ ውሃ አይጠፋም ብለኸኝ አልነበር እንዴ? ይኸው ጀሪካን ተሸክሜ አራተኛ ፎቅ እወጣለሁ!”

“እህቴ፣ እኔ ያልኩሽ ‘እዚህ ሳይት ሁሉም ብሎክ ላይ ውሃ አይጠፋም’ ነው። ሁሉም ላይ አይጠፋም፣ አንዳንዱ ላይ ይጠፋል። ምኑን ዋሸሁ?”

አጠገባቸው የተቀመጡ አንድ ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። “አንተ ልጅ፣ ልጠይቅህ። ‘አንድም ብሎክ ላይ አይጠፋም’ ማለትህ ነበር፣ ወይስ ‘የማይጠፋበትም አለ’? ቤቱን ስታሳያት የቱን ነበር የያዝከው?”

ልጁ ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ ከኮሚሽኑ ግማሹን ሊመልስላት ተስማማ።

የጋሼ ጥያቄ ንጹሕ ሎጂክ ነው። አሪስቶትል እንዲህ ያሉ ፕሮፖዚሽኖችን በአራት መልክ ከፍሏቸዋል። “ሁሉም ሀ ለ ነው”፣ “አንድም ሀ ለ አይደለም”፣ “አንዳንድ ሀ ለ ነው”፣ “አንዳንድ ሀ ለ አይደለም”። በአማርኛ “ሁሉም” ከ“አይ...ም” ጋር ሲገናኝ ሁለተኛውና አራተኛው በአንድ አፍ ይወጣሉ። ደላላው የተናገረው በሁለተኛው መልክ ተሰማ፣ ሲጠየቅ አራተኛው ውስጥ ገብቶ ተደበቀ። ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፤ አንዱ ጀሪካን ያሸክማል፣ አንዱ አያሸክምም።

አራቱን መልኮች የለየ ሰው ሌላም ነገር ያተርፋል። “ሁሉም ብሎክ ውሃ አለው” የሚለውን ለማፍረስ “አንድም ብሎክ የለውም” ማለት አያስፈልግም። አንድ ደረቅ ብሎክ ማሳየት ይበቃል። እዚህ ላይ ነው ጭቅጭቅ የሚረዝመው። አንዱ “የዚህ ሰፈር ደላላ ሁሉ ሌባ ነው” ይላል። ሌላው “እኔ አንድ ታማኝ አውቃለሁ” ይለዋል። ያኛው ይነሳና “ታዲያ ሁሉም ታማኝ ናቸው ልትለኝ ነው?” ብሎ ይጮሃል። ማንም እንደዚያ አላለም። አንድ ታማኝ ደላላ ከተገኘ “ሁሉ” የሚለው ወደቀ፣ የተባለው ይኸው ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ክርክር ታክሲ ውስጥም ቴሌቪዥን ላይም በሰማሁ ቁጥር ያናድደኛል፤ በአንዲት ጥያቄ ያልቅ ነበርና።

ከፕሮፖዚሽን ዝቅ ብሎ ደግሞ ተርም የሚባለው አለ። ፕሮፖዚሽን የሚገነባው ከተርሞች ነው፦ የሚነገርለት ነገርና ስለ እሱ የሚባለው። “ቤቱ ለታክሲ ቅርብ ነው” ሲባል “ቤቱ” አንድ፣ “ለታክሲ ቅርብ” አንድ። “ቅርብ” ለደላላው ሃያ ደቂቃ ሊሆን ይችላል፣ ልጅ ላዘለች እናት ሦስት ደቂቃ። የተርሙ ልክ ሳይታወቅ ዓረፍተ ነገሩን እውነት ነው ሐሰት ነው ማለት ከንቱ ድካም ነው።

በከተማዋ ዳርቻ ከሁሉ የከፋው ተርም “ቦታ” ነው። “ቦታ ገዛሁ” ይላል ሰው፣ ያጠራቀመውን ሁሉ ከፍሎ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ግን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ታዲያ የገዛው ምኑን ነው? ቤቱን? የመጠቀም መብቱን? ወይስ በአንድ ሌሊት የቆመ ጨረቃ ቤት? ሻጭ በልቡ አንዱን ይይዛል፣ ገዢ ሌላውን፣ ቃሉ አንድ ስለሆነ ብቻ ተስማማን ብለው ይጨባበጣሉ። “ከአያያዝ ይቀደዳል” እዚህ ላይ በደንብ ይገባል። ብዙ ቤተሰብ በዚህች አንዲት ቃል ምክንያት ሜዳ ላይ ቀርቷል።

የዛሬው ሕጋችንም አባባሉን በራሱ መንገድ ይዞታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 ቤትን የመሰለ የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚተላለፍበት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። አንቀጽ 1733 ደግሞ የውሉ ቃል ግልጽ ከሆነ ዳኞች ከዚያ ወጥተው፣ ተዋዋዮቹ ምን አስበው ነበር እያሉ እንዳይተረጉሙ ይከለክላል። ውሉ በግልጽ ቃል ተጽፎ ከተፈረመ በኋላ “እኔ በልቤ የያዝኩት ሌላ ነበር” ቢሉ ዳኛው የሚያነበው ወረቀቱን ነው።