አልፋ ሴንታውሪ፦ የሦስቱ ኮከቦች ክብደት፣ ሙቀትና ዑደት

አልፋ ሴንታውሪ በሌሊት ሰማይ ላይ ከሲሪየስና ከካኖፐስ ቀጥሎ ሦስተኛው ደማቅ ኮከብ ሆኖ ይታያል። ይሁን እንጂ አንድ ኮከብ አይደለም። ሪጊል ኬንታውረስና ቶሊማን የተባሉ ሁለት ኮከቦች ተጣምረው ይዞራሉ፤ ፕሮክሲማ የተባለ ሦስተኛ ኮከብ ደግሞ እጅግ ርቆ ሁለቱን ይዞራል። ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ ከሁሉ የሚቀርቡት እነዚህ ናቸው። ጥንዶቹ 4.37 የብርሃን ዓመት (ብርሃን በዓመት የሚጓዘው ርቀት)፣ ፕሮክሲማ 4.25 የብርሃን ዓመት ይርቃሉ። በሴኮንድ 17 ኪሎ ሜትር የምትጓዘው የጠፈር መንኮራኩር ቮዬጀር 1 አቅጣጫዋን ወደ ፕሮክሲማ አድርጋ ቢሆን ኖሮ ለመድረስ ወደ 75,000 ዓመት ይፈጅባት ነበር።

ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው አልፋ ሴንታውሪ በዓይን የሚታይ ነገር ነው። በሚያዝያ መጨረሻ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ፣ ከአዲስ አበባ ፊትን ወደ ደቡብ አዙሮ መመልከት በቂ ነው። ክንድን ዘርግቶ ሁለት ጭብጥ ቡጢ ከአድማሱ በላይ በሚደርስበት ከፍታ ላይ ሁለት ደማቅ ኮከቦች ጎን ለጎን ይታያሉ። በስተግራ ያለውና ወደ ቢጫነት የሚያደላው አልፋ ሴንታውሪ ነው፤ በስተቀኝ ያለው ቤታ ሴንታውሪ ሲሆን፣ ከእርሱም ወደ ቀኝ አለፍ ሲሉ የደቡብ መስቀል የተባለው የኮከቦች ስብስብ ይገኛል። ዋሽንግተን፣ ለንደን ወይም ኢየሩሳሌም የሚኖር ወገናችን ግን ከአድማስ በታች ስለሚቀርበት ፈጽሞ አያየውም። ሪያድና ዱባይ ላለው በደቡብ አድማስ ጥግ ለጥቂት ጊዜ ብቅ ብሎ ይጠልቃል።

አልፋና ቤታ ጎረቤት ቢመስሉም ቤታ ሴንታውሪ ከእኛ ከ350 የብርሃን ዓመት በላይ ይርቃል፤ ያጎራበታቸው የእኛ የዕይታ መስመር ብቻ ነው። የብዙ ኮከብ ሥርዓት የሚባለው በስበት የተሳሰረ ነው።

አልፋ ሴንታውሪ ጥንድ መሆኑን መጀመሪያ ያስተዋሉት በህንድ ፖንዲቼሪ ይኖሩ የነበሩት ኢየሱሳዊው ቄስ ዣን ሪሾ ናቸው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1689 ሲሆን፣ በቴሌስኮፕ ይከታተሉ የነበረው ጅራታም ኮከብ ነበር። ርቀቱን ቶማስ ሄንደርሰን በ1832 እና በ1833 በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ባደረገው ልኬት ደረሰበት፤ ውጤቱን ያሳተመው ግን በ1839 ነው። ፕሮክሲማን በ1915 ያገኘው ደግሞ በጆሃንስበርግ ይሠራ የነበረው ሮበርት ኢነስ ነው።

የአንድን ኮከብ ሙቀት ከብርሃኑ ቀለም መረዳት ይቻላል። ክብደቱን፣ በሳይንስ አጠራር መጠነ ቁሱን፣ በቀጥታ ለመለካት ግን በስበቱ የሚጎተት ሌላ አካል ያስፈልጋል። ብቻውን ያለ ኮከብ ሚዛን ላይ አይወጣም፤ ጥንድ ኮከቦች ግን አንዱ ለሌላው ሚዛን ይሆናሉ። ከዚህ ሥርዓት ሁሉ እኔን በእጅጉ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ ስሌቱንም ማንም ሰው በወረቀት ላይ ሊሠራው ይችላል። ሪጊልና ቶሊማን አንድ ዙር የሚጨርሱት በ79.8 ዓመት ነው። የመሬትና የፀሐይ ርቀት እንደ አንድ ቢቆጠር፣ በሁለቱ መካከል ያለው የምሕዋር አማካይ ርቀት 23.3 ይሆናል። 23.3 በ23.3፣ ውጤቱም እንደገና በ23.3 ሲባዛ 12,649 ይመጣል። 79.8 በራሱ ሲባዛ 6,368 ነው። የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል 1.99 ገደማ ይሆናል። ሁለቱ ኮከቦች ተደምረው የሚመዝኑት ይህንኑ ያህል ፀሐይ ነው። ይህ ስሌት የቆመበትን ሕግ ኬፕለር ከፕላኔቶች ጉዞ አወጣው፣ ኒውተን ምክንያቱን አስረዳ፤ ከ4 የብርሃን ዓመት ማዶም ያለ አንዳች ለውጥ ይሠራል።

ድምሩ ለሁለቱ የሚከፋፈለውም በጉዟቸው ነው። ሁለቱም የሚዞሩት በመካከላቸው ያለውን የሚዛን ነጥብ ነው። በትከሻ ላይ በተጋደመ እንጨት በአንዱ ጫፍ ከባድ፣ በሌላው ቀላል ሸክም የሚያንጠለጥል ሰው ትከሻውን ወደ ከባዱ እንደሚያስጠጋ፣ ነጥቡም ወደ ከባዱ ኮከብ ይጠጋል። በዚህ መንገድ ሪጊል 1.08፣ ቶሊማን 0.91 ፀሐይ ሆነው ተገኝተዋል።

ሪጊል የፀሐያችን አምሳያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የገጹ ሙቀት 5,800 ኬልቪን (የሳይንስ የሙቀት መለኪያ) ገደማ፣ ወርዱ የፀሐይ 1.22 እጥፍ፣ ብርሃኑ 1.5 እጥፍ ነው። ቶሊማን ወደ ብርቱካናማ ያደላል፤ ሙቀቱ ወደ 5,200 ኬልቪን፣ ወርዱ የፀሐይ 0.86፣ ብርሃኑ ግማሽ ያህል ነው። ክብደቱ ከሪጊል በ16 በመቶ ብቻ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ አንድ ሦስተኛ መውረዱን ልብ ይሏል። ክብደት ሲቀንስ የእምብርቱ ጫናና ሙቀት ይቀንሳል፤ ሃይድሮጂንን ወደ ሂሊየም የሚለውጠው የኑክሌር ውህደት ደግሞ ለሙቀት እጅግ ስሱ ነው።

ምሕዋራቸው ክብ ሳይሆን የተለጠጠ ሞላላ ነው። ሲቀራረቡ በመካከላቸው የመሬትና የፀሐይ ርቀት 11 እጥፍ ያህል ይቀራል፤ ሲራራቁ ወደ 36 እጥፍ ይደርሳል። በጣም የተቀራረቡት በ1955 ነበር፤ ቀጣዩ በ2035 ይሆናል። ሪጊልን በመሬት ርቀት የምትዞር ፕላኔት ብትኖር፣ ከእርስዋ ሲታይ ቶሊማን እንደ ርቀቱ ከሙሉ ጨረቃ ከ150 እስከ 1,500 እጥፍ ያህል ይደምቅ ነበር። በዓመቱ እኩሌታ ሌሊቱ የእኛ ዓይነት ጨለማ ባልኖረውም ነበር። ፕሮክሲማ ግን ከዚያም ሆኖ ሲታይ ደብዛዛ ተራ ኮከብ ነው፤ ከጥንዶቹ የተነሣ ብርሃን እርሱ ዘንድ ለመድረስ ሁለት ወር ተኩል ያህል ይወስድበታል።

ፕሮክሲማ ቀይ ድንክ ኮከብ ነው። ክብደቱ የፀሐይ 12 በመቶ፣ ወርዱ 15 በመቶ፣ ሙቀቱ 3,000 ኬልቪን ያህል ነው፤ ጠቅላላ ብርሃኑ ከፀሐይ ሺህ እጅ ሁለቱን እንኳ አይሞላም። ለእኛ ቅርብ ሆኖ ሳለ ያለ ቴሌስኮፕ ለመታየት መቶ እጥፍ ያህል መድመቅ ነበረበት። ከጥንዶቹ ጋር በስበት መታሰሩ በአስተማማኝ ሁኔታ የታወቀው ከተገኘ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2017 በታተመ ጥናት ነው፤ አንድ ዙር ለመጨረስ 550,000 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ውስጡ ከእምብርት እስከ ገጽ እንደ ፈላ ድስት ስለሚገላበጥ ሃይድሮጂኑን ሁሉ ቀስ ብሎ ይጠቀማል፤ ዕድሜውም ከትሪሊዮን ዓመት በላይ ይሄዳል። ይኸው መገላበጥ የሚያጠነክረው መግነጢሳዊ መስክ ግን በድንገት እየፈነዳ ጨረር ይረጫል። በ2016 በቺሊ ላ ሲላ በተደረገ ምልከታ የተገኘችው ፕላኔቱ፣ ፕሮክሲማ ቢ፣ በ11.2 ቀን አንድ ጊዜ የምትዞረው ከዚህ እሳት በ7 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ነው። ክብደቷ ቢያንስ የመሬትን ያህል ሲሆን፣ የምታገኘው ሙቀት ውሃ በፈሳሽነት እንዲቆይ የሚፈቅድ ዓይነት ነው፤ አየሯ ከፍንዳታዎቹ ተርፎ እንደሆነ ግን በምልከታ የሚፈታ ጥያቄ ነው።

በሪጊል ዙሪያም ጄምስ ዌብ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ በነሐሴ 2024 የፕላኔት ምልክት የመሰለ ነጥብ ቀርጿል፤ በ2025 ሁለት ጊዜ ሲፈለግ ነጥቡ አልታየም። ፕላኔት ከሆነ ክብደቱ ከሳተርን ጋር ይቀራረባል፤ በእነዚያ ቀናትም ወደ ኮከቡ ተጠግቶ በብርሃኑ ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል።