ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ምንድን ነው?

ምንሽር የያዘ ሰው አንድ ጥይት በተኮሰ ቁጥር መዝጊያውን በእጁ ወደ ኋላ ስቦ ቀለሃውን ይጥላል፣ ወደ ፊት ገፍቶ ቀጣዩን ያጎርሳል። በከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ይህን የእጅ ሥራ የሚሠራው የተተኮሰው ጥይት ኃይል ነው። ቃታው አንዴ ሲሳብ አንድ ጥይት ብቻ ይወጣል፤ ለሁለተኛው ጣት ቃታውን ለቅቆ እንደገና መሳብ አለበት። ቃታው እስከተያዘ ድረስ የሚያርከፈክፈው ሙሉ አውቶማቲክ ነው፤ ሁለቱን መቀላቀል ትልቅ ስሕተት ነው።

በአሜሪካ ለዒላማና ለትንሽ አደን ገንዘቡን ቆጥቦ ለሚገዛ ሰው የመጀመሪያ ምርጫችን ሩገር 10/22 ነው። ከ1964 ጀምሮ ይሠራል፣ 2.3 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፣ አሥር ጥይት የሚይዝ ካዝና አለው። የሚተኩሰው የ.22 ሎንግ ራይፍል ጥይት ዋጋው ለትልልቅ አውሬ ከሚሆነው ከ.308 ጥይት በብዙ እጥፍ ያንሳል። በአንድ ቅዳሜ ሁለት መቶ ጥይት ለሚተኩስ ሰው ዋናው ወጪ ጥይቱ እንጂ ጠመንጃው አይደለም።

የ10/22 መዝጊያ ጥይቱ ሲተኮስ የሚቆለፍ አይደለም፤ በክብደቱና በጥምዝ ሽቦ ግፊት ብቻ ተደግፎ ይቆማል። ባሩዱ ሲነድ ጋዙ ቀለሃውን ወደ ኋላ ይገፋል፣ ቀለሃው ደግሞ መዝጊያውን። ብዙው ችግር የሚመጣውም ከዚሁ ነው። ከድምፅ ፍጥነት በታች የሚሄደው ለስላሳ ጥይት መዝጊያውን እስከ መጨረሻው ላይገፋው ይችላል፤ ያኔ ቀለሃው ሳይወጣ መውጫው ላይ ቆሞ ይያዝና ጠመንጃው ይነክሳል። ስለዚህ ከሦስት ዓይነት ጥይት አንድ አንድ የ50 ፓኮ ገዝቶ፣ ጠመንጃውን አስደግፎ በ50 ሜትር አምስት አምስት መተኮስ ይበጃል። ዒላማው ላይ ጥይቶቹን አንድ ቦታ የሚሰበስበውና ሳይነክስ የሚሠራው ተለይቶ ከታወቀ በኋላ በብዛት መግዛት ነው። 2.6 ግራም እርሳስ በሰከንድ 376 ሜትር ገደማ የሚወረውረው ሲሲአይ ሚኒ ማግ የተባለው የ.22 ጥይት ለመጀመሪያ ሙከራ ጥሩ ነው።

የ.22 ቀለሃ ግርጌው ከንፈር አለው። ጥይቶቹ በሚደራረቡበት ካዝና የላይኛው ከንፈር ከታችኛው ኋላ ከገባ ይያያዙና ማጉረስ ይቆማል። የ10/22 ካዝና ግን ውስጡ የሚዞር ነው፤ እያንዳንዱ ጥይት በየራሱ ጎድጓዳ ስለሚተኛ አይነካካም። ጥይት የሚደራረብባቸውን ርካሽ ትልልቅ ካዝናዎች የማንመክረው ለዚህ ነው።

ለአደን ጉልበቱ ውስን ነው። 180 ጁል ገደማ ለጥንቸልና ለዛፍ ሽኮኮ እስከ 50 ሜትር ይበቃል። አጋዘንን ግን አቁስሎ ማሰቃየት ነው፤ የ.308 ጥይት ከ3,000 ጁል በላይ አለው። ሕጉም በየግዛቱ ይለያያል፤ በፔንሲልቬንያ በ2017 ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ለትንንሽ አውሬ አደን ሲፈቀድ ለአጋዘን አልተፈቀደም። ገዢው ሱቅ ውስጥ ፎርም 4473 የሚባለውን የፌዴራል የመሣሪያ ግዢ ቅጽ ይሞላል። በፌዴራል ሕግ ግሪን ካርድ ያለው ነዋሪ መግዛት ይችላል። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን በመሠረቱ አይፈቀድለትም፤ ከጥቂቶቹ ልዩ ሁኔታዎች አንዱ የጸና የአደን ፈቃድ መያዝ ነው።

ያገለገለ ሲገዛ የበርሜሉ አፍ ጠርዝ በጣትና በብርሃን ይታይ፤ እዚያ ያለ ጭረት ጥይቱን ያስታል። ቀለሃ የሚስበው ጥፍር ሥር ጥላሸት ከሞላ መንከሱ አይቀርም፤ በጥርስ ብሩሽ ይጸዳል። በብዙዎቹ 10/22 ላይ በርሜሉን ከኋላ በዘንግ መጥረግ ስለማይቻል በገመድ የሚሳብ መጥረጊያ መግዛት ይሻላል፤ ከፊት የሚገባ ዘንግ ያንኑ ጠርዝ ይፍቃል።

ቃታው ተስቦ ጥይቱ ካልተኮሰ አፈሙዙን ከዒላማው ሳያነሱ 30 ሰከንድ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ዘግይቶ ሊነሣ ይችላል።

ጀማሪን የሚያሳስተው ደግሞ ይህ ነው፦ የመጨረሻው ጥይት ሲተኮስ የ10/22 መዝጊያ ክፍት ሆኖ አይቆምም፣ ይዘጋል። ባዶና ጉርስ ጠመንጃ ከውጭ አንድ ይመስላሉ። ማራገፍ ሁልጊዜ ከካዝናው ይጀምራል፤ ካዝናው ሳይወጣ መዝጊያውን የሳበ ሰው አንዱን ጥይት አውጥቶ ሌላ ያጎርሳል። ካዝናው ከወጣ በኋላ መዝጊያው ተስቦ ክፍት ሆኖ ይቆለፍ፤ ከዚያ የጥይቱ ማረፊያ በዓይን ይታይ፣ በትንሿ ጣትም ይነካ።