የመኪና ማቆሚያው ለአንድ ቀን መናፈሻ ሲሆን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በየዓመቱ በሴፕቴምበር ሦስተኛው ዓርብ፣ እኛ እንቁጣጣሽን ባከበርን በቀናት ውስጥ፣ በብዙ ከተሞች ሰዎች የመንገድ ዳር መኪና ማቆሚያ ላይ ሣር ያነጥፋሉ፣ ወንበር ያወጣሉ። ፓርኪንግ ዴይ ይባላል። ወሬው በተነሳ ቁጥር የሚደጋገሙ ነቀፋዎች ስላሉ አንድ በአንድ እንያቸው።

«የመንገድ ወረራ ነው»

አይደለም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 16 ቀን 2005 ሪባር የተባለ የአርትና ዲዛይን ቡድን ሳን ፍራንሲስኮ መሀል ከተማ አንድ የማቆሚያ ቦታ መረጠ። ሒሳቡን የማቆሚያ ክፍያ ማሽኑ ውስጥ ከተተ። ከዚያ መኪና በማቆም ፈንታ ተጠቅልሎ የሚሸጠውን ሣር ዘረጋ፣ አግዳሚ ወንበርና ለጥላ የሚሆን አንድ ዛፍ አቆመ፤ አላፊ አግዳሚው መጥቶ ተቀመጠ፣ የተከፈለበት ሁለት ሰዓት ሲያልቅ ዕቃው ተነስቶ ቦታው እንደነበረ ተመለሰ። ቦታው የሕዝብ ነው፤ የከፈለ ሰው ለጊዜው ይከራየዋል። መኪና ሲቆምበት ማን «ተወረረ» ይላል?

ይህ ማለት ግን ዛሬ በፈለጋችሁበት ሄዳችሁ ሣር አንጥፉ ማለት አይደለም። ብዙ ከተሞች ፈቃድ ይጠይቃሉ። ዋሽንግተን ዲሲ የከተማው ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ራሱ ማመልከቻ ይቀበላል፤ እዚያ ካፌ ወይም ሱቅ ያላችሁ ወገኖች፣ ቀኑ ሳይደርስ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ።

«ሱቆች ይከስራሉ»

ነጋዴው ቢሰጋ አልፈርድበትም፣ እንጀራው ነው። ግን ግምቱ ብዙ ጊዜ ይስታል። ኦስትሪያ ውስጥ ግራትስ ከተማ ባለሱቆች ከደንበኞቻቸው 58 በመቶው በመኪና እንደሚመጡ ገምተው ነበር፤ ሲቆጠር 32 በመቶ ብቻ ሆነ። እንግሊዝ አገር ብሪስቶልም እንዲሁ፦ ግምቱ 41፣ እውነታው 22 በመቶ። ለምን ይመስላችኋል? እኔ እንደሚመስለኝ፣ በመኪና የመጣው ማቆሚያ ሲያጣ በሩ ላይ ያማርራል፣ በእግሩ የመጣው ደግሞ ገዝቶ ዝም ብሎ ይሄዳል፣ እና ባለሱቁ ጆሮ ውስጥ የሚቀረው የመጀመሪያው ድምፅ ነው። ሲሚንቶና ፍሪጅ የሚሸጥ ሱቅ በር ላይ ግን አትሥሩት፤ ለሱ ማቆሚያው የግድ ነው።

«ለካፌ ደንበኛ ነው እንጂ ለሕዝብ አይደለም»

ሳን ፍራንሲስኮ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ፓርክሌት የሚባሉ፣ ለረጅም ጊዜ የሚቆዩ እንዲህ ዓይነት መቀመጫዎችን ስትፈቅድ ያወጣችው ደንብ ግልጽ ነበር፦ ካፌው ወጪውን ቢሸፍንም ማንም ሰው ምንም ሳይገዛ መቀመጥ ይችላል፣ ይህንንም የሚናገር ምልክት ይለጠፋል። ይህ ደንብ ከሌለ ነቀፋው ትክክል ይሆናል፣ እኔም አብሬ እነቅፋለሁ።

«መኪና ጠሎች ናቸው»

ራሳቸው የሚነዱም አሉባቸው። ጥያቄው የመንገዱ ጠርዝ ሁሉ ለምን ለቆመ መኪና ብቻ ይተዋል የሚል ነው።

«አንድ ቀን ምን ይለውጣል?»

ብዙ። እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ ቦታ ላይ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 በ35 አገሮች፣ በ162 ከተሞች 975 መናፈሻ ደርሶ ነበር። እነዚያ ፓርክሌቶች የመጡትም ከዚሁ ነው። ኮቪድ እ.ኤ.አ. በ2020 ምግብ ቤቶችን ሲዘጋም፣ ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ጠረጴዛ ወደ ማቆሚያው እንዲወጣ ፈቀዱ። «የፈረንጅ ነገር ነው» ለሚለውም፣ አዲስ አበባ ላይ በእኛ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. የተጀመረውን፣ መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ለሰው የሚተውበትን «መንገድ ለሰው» አስታውሱ። መኪና የለመደው አስፋልት ላይ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ያየ ሰው ሐሳቡ ባዕድ አይሆንበትም።

«አደገኛ ነው»

ይሄኛው ግማሽ እውነት አለው። ከሚሄድ መኪና አጠገብ ልጅ ማስቀመጥ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ፍጥነት የሚበዛበትን መንገድ ተዉት፣ ማዕዘን ላይም አትሥሩ። መግቢያው ከእግረኛ መንገዱ በኩል ብቻ ይሁን፤ የቀሩት ሦስት ጎኖች ከባድ የአበባ ገንዳ ወይም ሌላ በቀላሉ የማይገፋ ነገር ይቀመጥባቸው። ወንበሮቹም ፊታቸው ወደ እግረኛው፣ ጀርባቸው ወደ ገንዳው ይሁን፤ ልጁ ሲነሳ የሚሮጠው ወደ ሱቆቹ እንጂ ወደ መኪናው አይሆንም።