ዋተርሼድ ምንድን ነው?

በጅማ ከተማ የሚያልፈው አዌቱ ግልገል ጊቤን ይቀላቀላል። ግልገል ጊቤ ወደ ጊቤ ይገባል፤ ጊቤም ወደ ታች ሲወርድ ስሙን ለውጦ ኦሞ ይባልና ቱርካና ሐይቅ ላይ ያበቃል። ሐይቁ ወደ ባሕር መውጫ ስለሌለው ውሃው እዚያው በፀሐይ ይተናል። አጋሮ ላይ የሚዘንበው ግን ወደ ዴዴሳ ይወርዳል፤ ከዴዴሳ ወደ ዓባይ፣ ከዚያ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራንያን ባሕር ይደርሳል። በሁለቱ የቡና ከተሞች መካከል እንግዲህ የዝናቡን ዕጣ የሚለይ ከፍታ አለ ማለት ነው። እንግሊዝኛው ይህን የከፍታ መስመር «ዋተርሼድ» ይለዋል።

«ዋተር» ውሃ መሆኑ ግልጽ ነው። «ሼድ» ሲባል ግን የእኛ ሰው ቶሎ የሚታየው የቆርቆሮ ሼድ ነው፤ ከዚህ ጋር አይገናኝም። እዚህ ቃሉ «መለየት፣ መክፈል» የሚል የቆየ ትርጉም ይዟል። አሜሪካኖች ደግሞ ስሙን ከመስመሩ አንስተው ውሃው ወደ አንድ ወንዝ ለሚሰበሰብበት አካባቢ በሙሉ ሰጡት። በግብርና ጽሕፈት ቤቶች «የተፋሰስ ልማት» የሚባለው፣ እርከን የሚሠራበትና ችግኝ የሚተከልበት ሥራ፣ የተተረጎመው ከዚህ ሁለተኛው ፍቺ ነው። ስለዚህ አንድ ጽሑፍ ዋተርሼድ ሲል የሸንተረሩን አናት ይሁን ከሥሩ ያለውን አገር፣ ከዐውዱ መለየት ያስፈልጋል።

ምሳሌያዊ ፍቺው የሚነሣው ከመስመሩ ነው። ከዚያ በኋላ ነገሮች በሌላ አቅጣጫ የሚፈሱበት ክስተት ዋተርሼድ ይባላል። ጋዜጠኞች ትልቅ የመሰላቸውን ስብሰባ ሁሉ እንዲህ እያሉ ቃሉን አርክሰውታል። ከፍታው ላይ እኮ ሁለት ጠብታዎች ጎን ለጎን ነው የሚወድቁት፤ ልዩነታቸው የሚታወቀው ቆይቶ፣ ታች ነው። ጫጫታና ግርግር መስፈርቱ አይደለም።

ጅማ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ አላት። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ለምኒልክ ለመገበር ተስማሙ፤ ጅማም በውስጥ ጉዳይዋ ራሷን እያስተዳደረች እስከ 1930ዎቹ መጀመሪያ ቆየች። ጎረቤቷ ካፋ ተዋጋች፤ በ1897 ተሸነፈች፤ የመጨረሻው ንጉሥዋ ጋኪ ሸሮቾም ተማረኩ። መሬታቸው የተጎራበተ፣ ገበያቸው የተገናኘ ሁለት መንግሥታት ነበሩ። የአባ ጅፋር ስምምነት ጦርነት ያልተሰማበት ነበር፤ ሆኖም ለጅማ ዋተርሼድ ቢባል ቃሉ በቦታው ገባ እላለሁ።

ብሪታንያ ውስጥ ቃሉ ሌላም ሥራ አለው። ለልጆች የማይመጥኑ የቴሌቪዥን ዝግጅቶች ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት እንዳይተላለፉ የሚከለክለው የሰዓት ገደብ ዋተርሼድ ይባላል። እዚህም ፍቺው ያው መለያ መስመር ነው።

ለተርጓሚ እንግዲህ «ተፋሰስ» የሚበቃው ለአካባቢው ብቻ ነው። ለመስመሩ «የውሃ መለያ ከፍታ» ማለት ይቻላል። ለታሪኩ «መለያ ምዕራፍ» ወይም «የታሪክ መታጠፊያ» ይሻላል፤ «የተፋሰስ ዓመት» ብሎ የሚጽፍ ግን አንባቢውን አካፋ ይዞ እርከን ሊያሠራው ነው።